«ልጄን አትርፍ፣ እግሬን ውሰድ» ብዬው ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኔ ዝም ብል ድንጋዮች ይጮኻሉና እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልናገር።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ማታ ማታ በር ላይ ተቀምጦ የአበበ ቢቂላን ታሪክ ያወራልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ከሮጠው ይልቅ የቶኪዮውን አብልጦ ይወድ ነበር። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት ሳለ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የጨረሰበትን ማለት ነው። «ከአልጋ ተነሥቶ!» ይልና ዝም ይላል። ይህ ቃል ለእኔ የተቀመጠ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ መሮጥ ጀመርኩ፤ እየቆየ ማራቶን የመሮጥ ምኞት አደረብኝ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር! በድሬ ሙቀት ፀሐይ ወጥታ መሮጥ የማይታሰብ ስለሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ። በከዚራ ዛፎች ሥር አሟሙቄ፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ረጅም ሩጫ ስለሆነ ከጓደኞቼ ጋር ወደ መልካ ጀብዱ እንወጣለን። አሰልጣኛችን ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምልኝ። «ድሬ ዝቅ ያለ አገር ነው፣ ሳንባ የሚሠራው ደንገጎ ላይ ነው» እያለ ወደ ዳገቱ ይወስደናል። ዳገቱ ሥር ቆሜ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው፦ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?»

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ ከተማችንን አጥለቀለቃት። ቀን ቀን የምትናከስ ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ በምናጠራቅምበት በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ትራባለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ትኩሳቱ ይመጣና ይሄዳል፤ የመገጣጠሚያው ሕመም ግን ሰውን አጣጥፎ ያስቀምጣል። በእኛ ሰፈር ጤነኛ ያለበት ቤት አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልምጣ። ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ባለቤቴ ለሥራ ጂቡቲ ሄዷል፤ ትልቁ ልጄ አያቱ ጋር ነው። መብራት ጠፍቶ የስልኬ ባትሪም አልቋል። ቁርጭምጭሚቴ፣ ጉልበቴና የጣቶቼ አንጓዎች አብጠው ኩባያ እንኳ መጨበጥ ስላቃተኝ በሁለት መዳፎቼ መካከል አጣብቄ ነበር የምጠጣው። ትንሿ ልጄ አጠገቤ ተኝታለች። ሌሊት 9 ሰዓት ግድም ይመስለኛል፣ ክንዴ ገላዋን ሲነካው እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ስሟን ጠራኋት፤ አልመለሰችም። ድንገት ሰውነቷ ተገተረ፤ ከዚያም መንቀጥቀጥ ጀመረች። በጨለማው ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ግን ይሰማኛል።

ተነሥቼ ላቅፋት ብዬ እግሬን መሬት አስረገጥኩ፤ አልያዘኝም። በግንባሬ ወደቅኩ። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት፦ «አምላኬ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ለማውጣት መልአክህን የላክህ፣ ልጄን አትርፍልኝ! እግሬን ውሰደው! ዳግመኛ አልሩጥ፣ ከፈለግክም አልሂድ፣ እሷን ብቻ ተውልኝ! ቁልቢ ገብርኤል፣ የት ነህ?»

በክርኔ እየተሳብኩ ከቤት ወጣሁ። ደፉን ስሻገር ጉልበቴ ሲሚንቶውን ነካና ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ግቢው ውስጥ ባዶ በርሜል አለ። የምይዝበት ጣት ስለሌለኝ በክርኔ ደበደብኩት። ውሾች ጮኹ፤ ሰው ግን የለም። ማን ይነሣል? ሁሉም እንደ እኔ ወድቋል። ደበደብኩ፣ ደበደብኩ። በመካከል ከቤት የልጄ ድምፅ እንዳለ ለመስማት ጸጥ እላለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። የዚያን ጸጥታ ክብደት እናት የሆነች ታውቀዋለች።

በኋላ ከአጥሩ ማዶ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ። አንድ እርምጃ፣ ፋታ፣ ሌላ እርምጃ። ጎረቤቴ ሐጂያ ናቸው። እሳቸውም በዚሁ በሽታ ተይዘው ከአልጋ ከተነሡ ገና ብዙ አልሰነበቱም ነበር፤ ግድግዳ ይዘው ነበር የሚሄዱት። የበሩ መቀርቀሪያ ዝቅ ያለ ስለነበር በጥርሴ ይዤ ሳብኩት። ሐጂያ ገቡ፤ እኔን አልፈው ወደ ቤት ሄዱ። ሲወጡ ልጄ ትከሻቸው ላይ ናት። «አይዞሽ ልጄ፣ አላህ አለ» አሉኝ። ከዚያ ሮጡ። ግድግዳ ይዘው ይሄዱ የነበሩት ሴት፣ ልጄን ታቅፈው ድንጋያማውን መንገድ ሮጡ! እግሬ በታሰረባት ሌሊት እግዚአብሔር በእሳቸው እግር ነው የመጣልኝ። ይህን የምናገረው ለማሳመር አይደለም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ልጃቸው ባጃጁን አስነሣ፤ እኔንም ተሸክሞ አስገባኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ተረኛዋ ነርስ ልጄን ተቀብላ ትኩሳቷን የሚያበርድ አደረገችላት፣ ግሉኮስ ሰካችላት። ያቺን ነርስ ድንግል ማርያም ትክፈላት፤ እሷም ዓይኗ በትኩሳት ቀልቶ ነበር የምትሠራው። እኔ አግዳሚው ላይ ተጋድሜ ውዳሴ ማርያም ልደግም እጀምርና መሐሉ ይጠፋብኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። ሐጂያ አጠገቤ በመቁጠሪያቸው ይለምናሉ። ሊነጋጋ ሲል ከአንዱ ወገን አዛን፣ ከሌላው የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ። ልጄ ዓይኗን ገለጠችና «ውኃ» አለች።

ልጄ ዳነች። እኔ ግን አልዳንኩም። ክረምቱ ወጣ፣ በጋውም አለፈ፤ ጠዋት ጠዋት በዱላ ነበር ከአልጋ የምነሣው።

ያኔ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጣሁ። አልደብቅም። «ልጄን አትርፍ፣ እግሬን ውሰድ» ያልኩትን ቃል በቃሉ ያዘብኝ አልኩ። «እናት በጭንቅ ያለችውን እንደ ውል ትይዝብኛለህ? ልታሳጣኝ ነው ሩጫን ያስወደድከኝ?» አልኩት። መዝሙር ሲከፈት አጠፋለሁ። ከዳዊት ሁሉ የቀረችኝ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የምትለዋ ብቻ ነበረች፤ እሷንም በንዴት ነበር የምላት።

አንድ ቀን የንስሐ አባቴ መጡና ሁሉንም አፈሰስኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «ልጄ፣ አብርሃም ይስሐቅን ከመሠዊያው ላይ ይዞ ተመለሰ ወይስ ትቶ ተመለሰ?» አሉኝ። «ይዞት» አልኩ። «ታዲያ አምላክሽ ነጋዴ ነው? ልጅሽን ሸጦልሽ እግርሽን የሚቀበል? ጠብቂ» አሉና ጸበል ረጩኝ፤ እምነት ቀቡኝ። ሐኪሜ ያዘዘልኝን እንቅስቃሴም እንዳላቋርጥ አስጠነቀቁኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ውሰድ» ማለቴን ትቼ «መልስልኝ» እለው ጀመር። ዱላው መቼ እንደተረሳ አላውቅም። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ከምዕመናኑ ጋር ደንገጎን ወጥቼ እስከ ቁልቢ በእግሬ ሄድኩ። ደጁ ስደርስ ያላለቀሰ ካለ እኔ አላየሁትም፤ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበርና።

ከዚያ በኋላ እንደገና ከዜሮ። መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ የመልካ ጀብዱ መንገድ። አሰልጣኙ ያለ አንድ ብር ተቀበለኝ።

ማራቶኑን የሮጥኩት ሐዋሳ ነው። እንደ ደረስኩ ያየሁት የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከተማው መሐል ቆሟል። ከቁልቢ ተነሥቼ ገብርኤል ደጅ! ማንም አጋጣሚ ነው ቢለኝ አልሰማውም። እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር በደስታ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሰውነት ያጠራቀመው ስንቅ ያልቃል፤ ማራቶን የሮጠ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እኔ ላይ ግን ሌላም ተጨመረ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ያንኑ የድሮውን ሕመም አሰማኝ። ቆምኩ። ላቤ ቀዘቀዘ። ጨለማው፣ በርሜሉ፣ የልጄ ጥርስ ድምፅ ሁሉም መጣብኝ። «ልትወስደው ነው?» አልኩት ጮክ ብዬ። ውኃ የምታድል ልጅ ደንግጣ አየችኝ፤ ሁለት ጊዜ ቀዳችልኝ። በዚያው ቅጽበት ያላሰብኩት ቃል ከአፌ ወጣ፦ «ይሮጣሉ፥ አይታክቱም፤ ይሄዳሉ፥ አይደክሙም።» መሄድ ጀመርኩ። መሄድም ተስፋ ውስጥ ተጽፏልና አላፈርኩም። ቁርጭምጭሚቱ እየላላ ሲመጣ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ሩጫ። በ4 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ገባሁ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለሐጂያ ነው። «ጨረስኩ» ስላቸው ስልኩ ላይ እልልታቸው ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተቀላቀለ። ቀጥሎ ልጄ ስልኩን ተቀብላ «እማዬ፣ አንደኛ ወጣሽ?» አለችኝ።

ለባለቤቴ፣ ለአሰልጣኜ፣ ለንስሐ አባቴ፣ ለዚያች ነርስ፣ ባጃጁን ላስነሣው ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩትን ጥላ ሐምሌ 19 ይዤ እወጣለሁ፤ እዚያ የምትገኙ ሁሉ ከእኔ ጋር እልል በሉልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።