ፍሪጁ ይነቀል

ዛሬ ከሥራ ወጥተን የባልደረባዬ ቤት ጎራ አልን፤ እዚሁ ሎስ አንጀለስ። እናቱ ከሜክሲኮ፣ ከኦአካካ፣ የሳን ሉካስ ኪያቪኒ ሰው ናቸው። ዛፖቴክ የሚባለውን የአካባቢውን ነባር ቋንቋ ይናገራሉ። የልጅ ልጆቻቸው ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ብቻ። እሱ ታዲያ የእናቱን ድምፅ እየቀዳ ነው።

ገና ሳንቀመጥ ፍሪጁን ነቀለው። መስኮቱን ዘጋ። ትንሿን ማይክ እናቱ ሻርፕ ላይ፣ ከአገጫቸው ዝቅ አድርጎ አያያዛት።

«ፍሪጁ ምን አደረገህ?» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ዛፖቴክ አንድ አናባቢ በጠራ ድምፅ፣ በትንፋሽ ወይም ጉሮሮን ጠበቅ አድርጎ ሲነገር ትርጉሙ ይለያያል። የፍሪጅ ድምፅ ያንን ስስ ልዩነት ይውጠዋል። የሚቀዳውም ሳይጨመቅ፣ በዋቭ ፋይል ነው። እናቱ መጀመሪያ «የተማረ ሰው ቅዳ» ብለው አፈሩ። ከዚያ በቆሎ በኖራ ውሃ እንዴት እንደሚቀቀል ማስረዳት ጀመሩ፤ ማን ያስቁማቸው!

ዛፖቴክ ደግሞ አንድ ቋንቋ አይደለም። የሜክሲኮ የነባር ቋንቋዎች ተቋም 62 ዓይነት ቆጥሯል፤ ብዙዎቹ እርስ በርስ አይግባቡም። የአንዱ መንደር ከጠፋ የጎረቤቱ አይተካውም። የእናቱ መንደር ላለበት ለትላኮሉላ ሸለቆ ደግነቱ ድምፅ ያለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለ፤ ቃሉን ስትነኩት የተናጋሪው የራሱ ድምፅ ይሰማችኋል። በጣም ደስ ይላል።

አርጎብኛ የሚናገሩ አያት ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅዷቸው። በቴሌግራም ስትልኩት ደግሞ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ እንዳይጨመቅ።