የድሮ ሸክላ ትክክለኛ ፍጥነት ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ1909 በሸክላ የተቀዳ አንድ መዝሙር በቅርቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በክራር አብሬ መጫወት ችያለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልኩ በትርፍ ጊዜዬ የያዝኩት ሥራ እዚህ በመድረሱ በጣም ደስ ብሎኛል፤ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁም ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

አጀማመሬ ብዙም የሚተረክ አይደለም። የጥናት ጽሑፍ ሳነብ የማደምጠው፣ ክፍያ የማይጠየቅበትና ሕጋዊ የሆነ ሙዚቃ ስፈልግ ክላሲካል ከሚያቀርበው ሙስኦፕን ከተባለ ድረ ገጽ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወደ ፍሪ ሚዩዚክ አርካይቭ፣ ቀጥሎም ወደ ኢንተርኔት አርካይቭ ተሻገርኩ። ወደ እንጦጦ በእግሬ ስወጣ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች እያነበቡ የሚቀርጿቸውን የሊብሪቮክስ መጻሕፍት እሰማለሁ። ክራር መማር የጀመርኩት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለ መብት ጉዳይ ግን ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። አንድ ዘፈን በዩቲዩብ ወይም በቴሌግራም ስለተገኘ ብቻ እንደ ልብ ቆራርጠን የምናሰራጨው ሊሆን አይገባም። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የድምፅ ቅጂ አዘጋጁም ለ50 ዓመት የሚጸና የራሱ መብት አለው። ስለዚህ የአባቶቻችንን ካሴቶች እያዳመጥኩ ብማርም፣ አስተካክዬ ለሌሎች የማጋራውን የምመርጠው የመብት ዘመናቸው ካለፈ ቅጂዎች ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የታተሙ የድምፅ ቅጂዎች በሙሉ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ማንም ያለ ፈቃድ የሚጠቀምባቸው የሕዝብ ሀብት ሆነዋል፤ የ1923ቱ በ2024፣ የ1924ቱ ደግሞ በ2025 ተከትለዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ናሽናል ጁክቦክስ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የከፈተው ስብስብ ብቻውን ከ10,000 በላይ ቅጂዎች ይዞ ነበር የተነሣው።

በዚህ ፍለጋ ላይ ሳለሁ ነው በናሽቪል የሚገኘው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ አራት ወንድ ዘማሪዎች ያለ ምንም መሣሪያ የዘመሩትን «ስዊንግ ሎው፣ ስዊት ቻሪየት» ያገኘሁት። ዜማው ከአምስት ድምፆች ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ አምስቱም እኛ ሜጀር ትዝታ የምንለው ቅኝት ድምፆች ናቸው። በባርነት ውስጥ ያለፉ ጥቁር አሜሪካውያን ያቆዩትን መዝሙር ክራሬን ምንም ሳልለውጥ መጫወት እንደምችል ሳውቅ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ይሁን እንጂ ክራሬ ከቅጂው ጋር አልገጠመም፤ የመዝሙሩ መነሻ ድምፅ በሁለት የፒያኖ ድምፆች መካከል ላይ ወደቀ። ምክንያቱ የሸክላው ፍጥነት ነው። የዚያን ዘመን ሸክላዎች ሁሉ በደቂቃ 78 ጊዜ እንደሚዞሩ ቢነገርም፣ በተለይ በኤሌክትሪክ መቅዳት ከተጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 1925 በፊት የነበሩት በተለያየ ፍጥነት ይቀዱ ነበር። በደቂቃ የአንዲት ዙር ልዩነት የድምፁን ከፍታ በግማሽ ድምፅ (በሁለት ተከታታይ የፒያኖ ቁልፎች መካከል ባለው ርቀት) አንድ አምስተኛ ያህል ትቀይረዋለች፤ በ74 ዙር የተቀዳውን በ78 ያጫወተ ሰው ሙዚቃውን በግማሽ ድምፅ ገደማ ከፍ አድርጎ፣ ፍጥነቱንም ጨምሮ ይሰማዋል።

ክራሩን ወደ ቅጂው መቃኘት ይሻላል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም። ፍጥነቱ ሲዛባ የሰዎቹ ድምፅ ራሱ ባሕርዩን ይለውጣል፤ ባሱ ይቀጥናል፣ አናባቢዎቹም ይጠባሉ። መስተካከል ያለበት ቅጂው ነው።

ለዚህ የምጠቀመው ኦዳሲቲን ነው። ይህን ነፃ ሶፍትዌር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ዶሚኒክ ማዞኒ ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ ከመምህሩ ከሮጀር ዳነንበርግ ጋር ጀምሮት እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ ቀርቧል፤ እንደ እኔ ላለ ተማሪ ይህ ትልቅ ብርታት ነው። በመጀመሪያ በስልኬ ቲዩነር (የድምፅ ከፍታ በሚለካ መተግበሪያ) የመዝሙሩን መነሻ ድምፅ እለካለሁ። ለምሳሌ ከበታቹ ካለው ቅርብ የፒያኖ ድምፅ በ40 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) በልጦ ከተገኘ ሁለት አማራጮች ይኖራሉ፤ ወይ ፍጥነቱን በ2.3 በመቶ መቀነስ፣ ወይ በ3.5 በመቶ መጨመር። የመጀመሪያው ሸክላው በ76 ዙር ገደማ፣ ሁለተኛው ወደ 81 በሚጠጋ ዙር ተቀድቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ከፍታውንና ፍጥነቱን አብሮ የሚለውጠው «ቼንጅ ስፒድ» (በአዲሶቹ እትሞች «ቼንጅ ስፒድ ኤንድ ፒች») ነው፤ «ቼንጅ ቴምፖ» ከፍታውን ሳይነካ የሚያዘገይ ስለሆነ ለልምምድ ጊዜ ይቆይ።

ከሁለቱ የቱ ትክክል ነው ለሚለው የሒሳብ መልስ የለም። ፒያኖ ቢኖር ይረዳ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ግን በባዶ ድምፅ ስለዘመሩ ከማንኛውም ከፍታ ሊነሡ ይችላሉ። ዛሬ የምንቃኝበት፣ «ላ» የተባለውን ድምፅ በሰከንድ 440 ንዝረት ላይ የሚያቆመው የ440 ኸርዝ መለኪያም በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበት ከቅጂው 30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያም በማግስቱ ጠዋት፣ ጆሮዬ ሳይደክም፣ ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምረውን) ብቻ እየተከተልኩ አዳምጣለሁ። አንደኛው ላይ ሰውየው ቆሞ ሲዘምር ይታወቀኛል። በእኔ ቅጂ ይህን ያገኘሁት በዝቅተኛው ፍጥነት ሲሆን፣ ለዚህ ከጆሮዬ በቀር የማቀርበው ማስረጃ የለኝም።

የሸክላውን የጀርባ ጫጫታ ለማጥፋት የሚጣደፉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ጫጫታ የሚቀንሰው የኦዳሲቲ «ኖይዝ ሪዳክሽን» ከ6 ዴሲቤል በላይ ሲጨመርበት ድምፁ ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ የዘማሪው ትንፋሽም ከጫጫታው ጋር አብሮ ይጠፋል። የመርፌውን ጠቅታ በ«ክሊክ ሪሙቫል» አስቀድሞ ማንሣት፣ ከዚያ በጥቂቱ ማለዘብ ይበቃል። ሥራችሁን የድምፅ ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በፍላክ አስቀምጡ፤ የቀየራችሁትን መቶኛም በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ፤ ሌላ ሰው ባይስማማ መልሶ ማስተካከል ይችላል።

ዜማው ከስድስቱ ክሮቼ አልፎ ሲወጣ አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ ዝቅ ብሎ ወደሚደገምበት) ዝቅ አድርጌ እጫወተዋለሁ፤ ይህ አሁንም ጆሮዬን አላረካውም። ቀጣዩ ሥራዬ በሳንታ ባርባራ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ቅጂዎች መዝገብ ተጠቅሜ በዚያው ሰሞን በፒያኖ ታጅበው የተቀዱ ሸክላዎችን መፈለግና የመረጥኩትን ፍጥነት ከእነሱ ጋር ማመሳከር ነው።