«ከሟች ጋር ምን ዝምድና አለዎት?»

ቢሮዬ ከአያት አደባባይ ወደ ጣፎ ስትሄዱ መንገድ ዳር ነው። ጠበቃ ነኝ። የሚመጣልኝ ጉዳይ በአብዛኛው የቤት ሽያጭ፣ የውክልና እና የውርስ ነው። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት እናት በላስቲክ ፋይል ወረቀት ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ስቀበል የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ተቀይሯል።

እማማ አሜሪካ ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው እዚያው አረፉ። ቀብረው፣ ተዝካር አውጥተው፣ አያት ወደሠሩት ቤት ተመለሱ። ሴት ልጃቸው ግን እዚያው ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። እናት ሄደው ሊያርሷት ፈለጉ። ልጅቷና ባሏ የሚኖሩት አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ አጠገባቸው ትንሽ አፓርታማ ለጥቂት ወራት ለመከራየት አመለከቱ። ተከለከሉ።

በአሜሪካ ሕግ አከራይ በክሬዲት ሪፖርት፣ ማለትም የሰውን የብድርና የአከፋፈል ታሪክ በሚያሳይ መረጃ፣ ምክንያት ሰው ሲከለክል፣ ሪፖርቱን የሰጠውን ድርጅት ማሳወቅ አለበት። የተከለከለውም ሰው በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን በነፃ ማግኘት ይችላል። ልጃቸው ጠይቃ ላከችላቸው። እማማ ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። ከካርዳቸው ቁጥር ሥር «ዲሲስድ» ይላል።

«ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

«ሟች ማለት ነው፣ እማማ።»

ዝም አሉ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ቀስ ብለው «እኔ የነገርኳቸው እሱን ነው» አሉ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የባንክ ካርዱ የሁለቱም ነበር። ባላቸው ሲያርፉ ደውለው አሳወቁ። ባንኩ በየወሩ ለሦስቱ ትልልቅ የብድር መረጃ ድርጅቶች መረጃ ይልካል። በዚያ መረጃ ሟች የሚጠቆመው በአንዲት «ኤክስ» ፊደል ነው። ፊደሏ ባል ላይ ስትቀመጥ ሚስትም ላይ ተቀመጠች። አንዴ «ሟች» ከተባልሽ የክሬዲት ነጥብ፣ አበዳሪ የሚያምንሽ በሱ የሆነው ቁጥር፣ አይሰላልሽም። ብድር፣ ካርድ፣ ኪራይ፣ ሁሉም ይዘጋል። ስህተቱ ዝም ብሎ የሚተው እንዳይመስላችሁ፤ ሰው በቁሙ ከኑሮ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ረዳን። የአሜሪካ መንግሥት የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታቸው በሌላ ባንክ በየወሩ ይገባል። ስለዚህ መንግሥት በሕይወት እንዳሉ ያውቃል። ስህተቱ ከመንግሥት መዝገብ ቢመጣ ኖሮ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ ነበር። እዚህ ግን «ሞተዋል» ብሎ የጻፈው ባንኩ ነው።

ወደ ባንኩ ደወልን። ክረምት ስለነበር በኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በእነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ መሀላችን አስቀመጥኩት። ቁጥራቸውን ሲሰጡ ማሽኑ በሐዘን ድምፅ ወደ ሟች ንብረት ክፍል አሳለፋቸው። አንዲት ሴት አነሳች። በጣም ትሁት ነበረች። «ከሟች ጋር ምን ዝምድና አለዎት?» አለቻቸው።

እማማ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና በእንግሊዝኛ «እኔው ነኝ» አሉ። ልጅቷ አልተረዳችም። ደግማ ጠየቀች። እሳቸውም ደገሙላት። በሦስተኛው ድምፃቸው ተሰበረ፤ ስልኩን እኔ ተቀበልኩ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል። ስህተቱ የባንኩ ነው ብዬ ለባንኩ ብቻ ጻፍኩ። የፓስፖርት ቅጂ አያያዝኩ። በሕይወት ስለመኖራቸው የሚያረጋግጥ ሰነድ አዘጋጅቼ አስተረጎምኩ። ሁለት ደብዳቤ ላክሁ። ሦስት ወር ጠበቅን። መልስ የለም።

በመጨረሻ እዚያ በዚህ ዓይነት ጉዳይ የምትሠራ ጠበቃ አገኘሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ለብድር መረጃ ድርጅቶቹ ቅሬታ አቅርባችኋል?» የሚል ነበር። አላቀረብንም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ባንኩን ለመክሰስ የሚያስችለው ቅሬታው በድርጅቶቹ በኩል ሲደርሰው ነው። በቀጥታ ለባንኩ የጻፍከው ደብዳቤ የመክሰስ መብት አያስገኝልህም። ድርጅቶቹ ግን ቅሬታ ሲደርሳቸው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት ግዴታቸው ነው። ባንኩም ያኔ የመመርመር ግዴታ ይመጣበታል።

በዚያው ሳምንት ለሦስቱም ጻፍን። ደብዳቤዎቹን ልጃቸው እዚያ ሆና፣ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ ላከችልን። ሁለቱ በወሩ አስተካከሉ። ሦስተኛው ግን «ከባንኩ አጣርተናል፣ መረጃው ትክክል ነው» ብሎ መለሰ። ማለትም ባንኩ እማማ መሞታቸውን ዳግመኛ አረጋገጠ።

ያ መልስ ለጠበቃዋ በቂ ማስረጃ ነበር። ለባንኩም ለድርጅቱም ክስ ለመመሥረት መዘጋጀቷን ጽፋ አሳወቀች። ከእማማ አንድ ሳንቲም አልጠየቀችም፤ ከሳሽ ከረታ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ እንዲከፍል ሕጉ ያዛል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ «ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም» ብሎ ይተወዋል። የጊዜ ገደብም አለው፤ ስህተቱን ካወቁ በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ ያስፈልጋል። ክሱ ሳይከፈት መዝገቡ ተስተካከለ።

ልጅቷ ግን በመሀል ወለደች። ምጥ የያዛት ሌሊት እማማ እዚህ አያት ሰፈር ነበሩ። ጠዋት መጥተው «ሴት ናት» አሉኝ፤ አለቀሱ። ያ የባከነ ሦስት ወር የእኔ ነው። እሳቸው አንድም ቀን አልወቀሱኝም። «ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ለዚያ እደርሳለሁ» አሉ። ደረሱም።

አሁን የሌላ አገር ጉዳይ ሲመጣልኝ ብዕር ሳላነሳ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ስህተቱን ማን ጻፈው፣ ሕጉስ አቤቱታው መጀመሪያ ለማን ይድረስ ይላል? እሱን ሳላውቅ ደብዳቤ አልጽፍም።

ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቀን እማማ የተስተካከለውን ሪፖርት ሊወስዱ መጡ። ስማቸውንና ከሥሩ ያለውን መስመር ሁለቴ አነበቡ። ወረቀቱን ወደዚያው ፋይል ሊከቱ ሲሉ እጃቸው ቆመ። የባላቸው የሞት የምስክር ወረቀት እዚያው ውስጥ ነው።

«ሌላ ፋይል ይኖርሻል፣ ልጄ?» አሉኝ። «የእሱ ለብቻው ይሁን።»

ከመሳቢያዬ አዲስ አውጥቼ ሰጠኋቸው።