በአረቢያ ተራራ ዓለት ላይ፦ ዲያሞርፋን ፍለጋ

ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ በጆርጂያ ግዛት ዴካልብ ካውንቲ፣ ሊቶኒያ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ አረቢያ ተራራ የሚባል ራቁቱን የቀረ የዓለት ጉብታ አለ። ከፍታው 291 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ መውጣቱ አያደክምም። ቀደም ሲል ድንጋይ ይፈለጥበት ስለነበር የመሰርሰሪያ ጉድጓዶች እዚህም እዚያም ይታያሉ፤ አካባቢው በ2006 ብሔራዊ የቅርስ ቀጠና ተብሎ ተሰይሟል። እኔ ግን ወደዚያ የሄድሁት በኤፕሪል መጀመሪያ ሲሆን፣ ምክንያቴም ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የምታብብ፣ ዲያሞርፋ ስማሊ የምትባል ቅጠለ ወፍራም ዓመታዊ ተክል ነበረች።

ሽቅብ የሚወስደው መንገድ በድንጋይ ቁልሎች ምልክት ተደርጎበታል። ዓለቱ ናይስ የሚባለው ዓይነት ሲሆን በላዩ ላይ የሚጠማዘዙ ጥቁርና ነጭ መስመሮች አሉት። ከሩቅ ሲታይ ባዶ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን ዝናብና ውርጭ ለረጅም ዘመን የቦረቦሯቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ይታያሉ፤ በእያንዳንዳቸውም ውስጥ ጥቂት አሸዋማ አፈር ተጠራቅሟል። የአፈሩ ጥልቀት የትኛው ተክል የት እንደሚበቅል ይወስናል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ አፈር ባለበት፣ ሌላው ተክል ሥር መስደድ በሚያቅተው ቦታ፣ ዲያሞርፋ ብቻዋን ትሰፍራለች። አፈሩ ትንሽ ሲጨምር የድንጋይ ሽበትና ከእሷ ሌላ ያሉ ዓመታዊ ተክሎች ይከተላሉ፤ ከዚያም በላይ ሲሆን ለብዙ ዓመት የሚኖሩ ዕፅዋት ቦታውን ይይዛሉ። አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ዳር ቆሜ ስመለከት ይህ ቅደም ተከተል ከዳር ወደ መሐል እንደ ቀለበት ተደርድሮ አየሁት፤ የውጨኛው ቀለበት ደማቅ ቀይ ነበር።

ያ ቅላት የዲያሞርፋ ቅጠልና ግንድ ነው። በሆዴ ተኝቼ በአጉሊ መነጽር ስመለከታት ተክሏ ከጣቴ ቁመት አትበልጥም፤ ቅጠሎቿ ድቡልቡል ሆነው በውሃ ተወጥረዋል። ቀለሙ የሚመጣው አንቶሲያኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ድንጋይ ያጠላባቸው ተክሎች አረንጓዴነታቸው ጎልቶ ይታያል። አበባዋ ነጭ ነው፤ አራት የአበባ ቅጠሎች፣ ስምንት ወንዴ ዘንጎች፣ በመሐል ደግሞ አራት የዘር ከረጢቶች አሏት። ይህን አራትና የአራት እጥፍ ሥርዓት አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ምክንያቱም በቅርብ ዘመዶቿ ዘንድ አምስት አምስት መሆን የተለመደ ነው።

ተኝቼ ሳለሁ ከአበባ ወደ አበባ የሚመላለሱ ጉንዳኖች አየሁ። ጉንዳን ብዙውን ጊዜ የአበባ ማር ሰርቆ የሚሄድ እንግዳ ተደርጎ ይቆጠራል። ክንፍ ስለሌለው ሩቅ አይደርስም፤ ከገላው የሚመነጨው ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽም የአበባን ዱቄት ሊጎዳ ይችላል። ይሁንና በዲያሞርፋ ላይ የተደረገው ጥናት ፎርሚካ ከሚባለው ወገን የሆኑ ጉንዳኖች ዱቄቷን ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱላት ዋነኛ አራቢዎቿ መሆናቸውን አሳይቷል። ተክሏ በገዛ ራሷ ዱቄት ዘር ማፍራት አትችልም፤ ስለዚህ ዱቄቱ ከጎረቤት መምጣት አለበት። ተክሎቹ እጅግ ተጠጋግተው ስለሚበቅሉና አበቦቹም በአንድ ቁመት ላይ ስለሚሆኑ፣ ጉንዳኑ መሬት ሳይረግጥ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሻገራል። ለእኔ የጉዞው ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ ከቀይ ምንጣፉ ፎቶግራፍ ይልቅ እነዚያን ጉንዳኖች ደግሜ ባያቸው እመርጣለሁ።

ወደ ምደባው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንድሬ ሚሾ ካረፈ በኋላ በ1803 በታተመው ሥራው ሴደም ፑሲለም የሚባል፣ እንዲሁ አራት የአበባ ቅጠል ያለው ትንሽ ነጭ አበባ ተገልጾ ነበር። የዕፅዋት ተመራማሪው ቶማስ ነትል በ1818 ዲያሞርፋ የሚለውን ወገን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበትን ስብስብ፣ ካቆመ በኋላም ሁለቱ ተክሎች በስም ሲምታቱ ኖረዋል። ዛሬ የምንጠቀምበትን የዝርያ ስም የሰጠው አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ናትናኤል ሎርድ ብሪተን ሲሆን፣ ይህም በ1905 ነበር፤ ስሙም የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካን ዕፅዋት አጥንቶ ለመዘገበው ለጆን ከንክል ስሞል መታሰቢያ ነው። በኋላ ደግሞ ሌሎች ተክሏን ወደ ሴደም ወገን መልሰው ሴደም ስማሊ አሏት።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ቃል በቃል ፍሬዋ ላይ ስለሆነ፣ ጁን ላይ ተመልሼ ሄድሁ። ጎድጓዳዎቹ ደርቀዋል፣ ዓለቱም እጅ የሚያስነካ አልነበረም፤ ቀዩ ምንጣፍ ወደ ቡናማ የደረቀ ጭራሮ ተለውጧል። የሞቱት ግንዶች ግን አልወደቁም። የከዋክብት ቅርጽ ይዘው የተዘረጉትን አራት ከረጢቶች ከላይ ብቻ ያየ ሰው ምንም የተለየ ነገር አያገኝም፤ አንገቴን አጣምሜ ከሥር ስመለከት ግን በእያንዳንዱ ከረጢት ሆድ ላይ ሞላላ ክዳን አየሁ። የሴደም ፍሬ የሚከፈተው በላይኛው፣ ማለትም ወደ አበባው መሐል በዞረው ስፌት በኩል ነው፤ ዲያሞርፋ ግን በታችኛው በኩል በክዳን ትከፈታለች። ዘሩም ሙቀቱ እስኪያልፍ ድረስ ከሚያቃጥለው ድንጋይ ከፍ ብሎ በደረቀው ግንድ ላይ ይቆይና፣ ሙቀቱ ሲበርድና እርጥበት ሲመለስ መሬት ላይ ወድቆ ይበቅላል፤ ቡቃያው ብርዱን አሳልፎ በማርች ያብባል።

ሴደም ፑሲለምን የሚፈልግ ሰው ጸሐይ የበዛበትን ጎድጓዳ ትቶ በጥድ ጥላ ሥር፣ በሳረንስት በተሸፈነ ድንጋይ ላይ ማየት አለበት። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ከዲያሞርፋ እጅግ ያነሰ ቦታ ላይ ብቻ የሚገኝ ብርቅ ተክልም ነው። በአረቢያ ተራራ ጥዶች ሥር ፈለግሁት፤ አላገኘሁም። ሁለቱ በሴል ደረጃም ይራራቃሉ፤ የዲያሞርፋ መሠረታዊ የክሮሞሶም ቁጥር 9 ሲሆን የሴደም ፑሲለም 4 ብቻ ነው።

ታዲያ ዲያሞርፋ ራሷን የቻለች ወገን ናት ወይስ የሴደም አንዷ ዝርያ? የዘረመል ጥናቶች ያረጋገጡት አንድ ነገር ሊኔየስ በ1753 የሰየመውና ከ400 በላይ ዝርያዎችን የያዘው ሴደም ራሱ የአንድ ግንድ ልጆች ስብስብ አለመሆኑን ነው፤ ሌሎች ብዙ ወገኖች ከውስጡ በቅለው ለየብቻ ስም ተሰጥቷቸዋል። ሁሉንም ወደ ሴደም ማጠቃለል ወገኑን ወሰን የሌለው ያደርገዋል፤ መከፋፈሉ ደግሞ ብዙ አዳዲስ ስሞችን ይጠይቃል። እኔ በማስታወሻዬ ላይ ዲያሞርፋ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሴደምን የሚያክል ስብስብ ተበትኖ እስኪስተካከል ድረስ፣ በዓይን የሚታይና የተክሏን ኑሮ የሚያስረዳ ያን ክዳን የያዘውን ስም መጣል ተገቢ አይመስለኝም።