ከመቶ 91

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አዲስና ያገለገሉ ጌሞች የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። የእኛ ሰው ሲገባ ሌሎቹ ሠራተኞች በአገጫቸው ወደ እኔ ይጠቁማሉ። እኔም ደስ ይለኛል። አባቶችና እናቶች ልጆቻቸው የጻፉላቸውን ብጣሽ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ወረቀቱን አይቼ በአማርኛ አስረዳለሁ። ምክሬን ያምኑታል። ይህ ታሪክ ያ እምነት ያሳፈረኝ ቀን ነው።

በ2019 የፈረንጆቹ ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ አባት መጡ። ሃምሳን የተሻገሩ ናቸው። የፓርኪንግ ሥራ ዩኒፎርማቸውን እንኳ አላወለቁም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ስዊች ላይት ገዝተውላታል፤ ስዊች የሚባለው የኒንቴንዶ ኩባንያ የጌም ማሽን ትንሹ ዓይነት ነው። ዋናው ስዊች ቴሌቪዥን ላይም ይሰካል፤ ስዊች ላይት ግን ከቴሌቪዥን ጋር አይገናኝም፤ በእጅ ይዘው ብቻ ነው የሚጫወቱበት። ስክሪኑ 5.5 ኢንች ነው። ይህን ሁሉ በደንብ አውቅ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም አለ። አንዱ የኒንቴንዶው ሊንክስ አዌክኒንግ ነው፣ ከዜልዳ ጨዋታዎች አንዱ። በ1993 ለጌም ቦይ የተሠራ፣ ገና ከጅምሩ በእጅ ለሚያዝ ማሽን የተወለደ ጨዋታ ነው። እንደ አዲስ ተሠርቶ የወጣውም ስዊች ላይት ራሱ ለገበያ በቀረበበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2019 ነበር። ሁለተኛው ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰኩት ትልልቅ የጌም ማሽኖች፣ ለኮንሶሎቹ፣ ተሠርቶ ኋላ ላይ ወደ ስዊች የተሻገረ ጨዋታ ነው። ስሙን አልጠራውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

«ልጄ፣ የቱ ይሻላል? ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ ሜታክሪቲክን ከፈትኩ። የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን ከመቶ የሚያስቀምጥ ገጽ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ አለ። ሊንክስ አዌክኒንግ 87። ሌላው 91። ስልኩን አዙሬ አሳየኋቸው።

«ከመቶ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ከመቶ።»

«በእኛ ጊዜ 91 ያመጣ ልጅ ሰልፍ ላይ ይጨበጨብለት ነበር» ብለው ሳቁ። 60 ዶላሩን ቆጥረው ሰጡኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ከልጃቸው ጋር ተመለሱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ልጅቷ ጨዋታውን ከፍታ ማሽኑን ሰጠችኝ። ጽሑፉ ከማነሱ የተነሳ ስክሪኑን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። ምስሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። ጠላት በርከት ሲል ይንቀራፈፋል። «ዓይኔን ያመኛል» አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። አባቷ ቀጠሉ፦ «መነጽር ሊያስፈልጋት ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ሐኪም ቀጠሮ ልይዝላት ስል ነው ለማንኛውም ወደ አንተ እንሂድ ያለችኝ።»

ይቺ ንግግር ዛሬም ትከነክነኛለች።

ስልኬን እንደገና ከፈትኩ። ሜታክሪቲክ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ነጥብ ነው የሚይዘው። እኔ ያሳየኋቸው 91 የትልቁ ኮንሶል ነው። የስዊቹ ነጥብ እዚያው አጠገቡ አለ፤ አንዴ ነካ ባደርገው ይከፈታል። በብዙ ነጥብ ዝቅ ይላል። አልነካሁትም ነበር።

የሱቁ ደንብ የተከፈተ ጨዋታ በገንዘብ አይመለስም ይላል። ማናጀሩን ለብቻው ወስጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። ባገለገለ ዋጋ ተቀበለልኝ፤ የጎደለውን ከኪሴ ከፍዬ ሊንክስ አዌክኒንግን ሰጠኋቸው። አባትየው ልዩነቱን ልክፈል ብለው ሙጭጭ አሉ። «ጋሼ፣ ይሄ የእኔ ዕዳ ነው» አልኳቸው።

ማታ ቤቴ ገብቼ የዚያን ጨዋታ የስዊች ግምገማዎች አንድ በአንድ አነበብኩ። ያመሰገኑትም ነበሩ። ግን አብዛኞቹ የሞከሩት ስዊቹን ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሲሰካ ኮረንቲ ስላለው ቺፑ በፍጥነት ይሠራል። በእጅ ሲያዝ ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ፣ ማሽኑም እንዳይግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ2017 የወጣውን ዜኖብሌድ ክሮኒክልስ 2ን ውሰዱ። ዲጂታል ፋውንድሪ የሚባሉት የጨዋታ ምስል ጥራት የሚለኩ ባለሙያዎች መርምረውታል። ቴሌቪዥን ላይ እስከ 720 ፒ (ምስሉ የተሠራበት የመስመር ብዛት ነው፤ ሲያንስ ምስሉ ይደበዝዛል) የሚደርሰው ምስል በእጅ ሲያዝ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 368 ይወርዳል። አማካይ ነጥቡ 83 ነው። ነጥቡ ውሸት አይደለም፤ እኔ ራሴ የምወደው ጨዋታ ነው። ግን ስዊች ላይት የያዘ ልጅ ያንን የቴሌቪዥን መልክ አያየውም።

ቁጥር ላይ እንዲህ የምንተማመነው እኛ ብቻ አይደለንም። በማትሪክ በአንድ ነጥብ የወደቀ ሰው የማያውቅ ሐበሻ የለም መቼም። ጌም ሠሪዎቹ ላይም ይደርሳል። በ2010 ፎልአውት ኒው ቬጋስን የሠራው ኦብሲዲያን ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካገኘ ጉርሻ የሚከፈለው ውል ነበረው። ያገኘው 84 ነው። ጉርሻው ቀረ። ይህን ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ክሪስ አቬሎን በ2012 በአደባባይ ተናግሯል። ያን ሁሉ ሰው ሥራ በአንድ ነጥብ መመዘን ሲታሰበኝ እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጨዋታው አይደለም፤ ቤት ያለው ማሽን የትኛው እንደሆነ ነው። ከዚያ ለዚያ ማሽን የተጻፈ ግምገማ እፈልጋለሁ። በእጅ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው በእጁ ይዞ ተጫውቶ እንደሆነ አያለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ገበያ ሲበዛ ማናጀሩ ያየኛል። ግን አልተውኩትም።

ዓመቱ ዞሮ ዲሴምበር 2020 ደረሰ። የኮሮና ጊዜ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሰው በቁጥር ነው የምናስገባው። ሁሉም የሚጠይቀው ሳይበርፓንክ 2077ን ነው። ግምገማዎቹ ዲሴምበር 7 ወጡ፤ አማካዩ ከ90 በላይ ነበር። ስልካችን እረፍት አጣ። እኔ ግን ያቺ የልጅቷ ዓይን ትዝ አለችኝና ግምገማዎቹን ከፈትኳቸው። ሁሉም የተሞከሩት ፒሲ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ነው። ሠሪው ሲዲ ፕሮጀክት ለገምጋሚዎች አስቀድሞ የሰጠው የፒሲውን ብቻ ነው። ራሳቸው የቀረጹትን ቪዲዮ እንዲያሳዩ እንኳ አልፈቀደም፤ እሱ ያዘጋጀውን ብቻ። ሐቀኞቹ ይህንኑ በግልጽ ጽፈውታል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። አብዛኛው ደንበኛችን ደግሞ ያለው የቆየው ፕሌይስቴሽን 4 ወይም ኤክስቦክስ ዋን ነው።

ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ ነገር ነገርኩ፦ «ለእርስዎ ማሽን እስካሁን የተሰጠ ፍርድ የለም። ጥቂት ቀን ይታገሱ።» የታገሡ ነበሩ። ያልታገሡም ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም፤ ስንት ዓመት የጠበቁት ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ዲሴምበር 10 ወጣ። ፒሲ ላይ 9 የሰጠው አይጂኤን የሚባለው የጌም ግምገማ ድረ ገጽ ለቆዩት ኮንሶሎች 4 ሰጠው። አንድ ጨዋታ፣ አንድ መገምገሚያ፣ ከአሥር 9 እና ከአሥር 4። ሲዲ ፕሮጀክት ዲሴምበር 14 ይቅርታ ጠየቀ፤ በቆዩት ማሽኖች ላይ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማሳየት እንደነበረበትም አመነ። ዲሴምበር 17 ሶኒ ጨዋታውን ከፕሌይስቴሽን መደብሩ አወረደው። የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ለፒሲውም ሆነ ለኮንሶሉ የተሰጠው ፍርድ እውነት ነበር፤ ሁለቱም ትክክል።

በዚያው ሳምንት እኚያ አባት መጡ። ጭምብል ስላደረጉ በድምፃቸው ነው ያወቅኳቸው። ቻርጀር ፈልገው ነው። ሰላምታው ረዘመ። ከመጋቢት ጀምሮ ሥራ ቆሞ ቤት በዋሉበት ጊዜ ሊንክስ አዌክኒንግን ከልጃቸው ጋር አብረው እንደጨረሱት አጫወቱኝ። እሷ ትጫወታለች፤ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ምን እንደተባለ ያስተረጉሟታል። የጨዋታው ልጅ ጀልባው በማዕበል ተሰብሮ ባዕድ ደሴት ላይ የተጣለ ነው። ከዚያ ለመውጣት አንድ ትልቅ ዓሣ ከእንቅልፉ መቀስቀስ አለበት። ደሴቲቱ የዓሣው ሕልም ናት።

«መጨረሻ ላይ ወጣ?» አልኳቸው።

«ወጣ» አሉኝ፣ ቻርጀሩን ኪሳቸው እየከተቱ። «ደሴቲቱ ግን ጠፋች። እሷም እኔም አለቀስን።»