ለእማዬ የመስሚያ መሣሪያ ስንመርጥ

ዛሬ እማዬን ጆሮዋን አስመረመርናት። ወፍራሙን ድምፅ ትሰማለች፤ የሚያመልጣት ቀጭኑ ነው። "ሰ"ን ከ"ፈ" መለየት ይቸግራታል። ለዚህ ነው "ድምፃችሁን እሰማለሁ፣ ወሬው ግን አይገባኝም" የምትለው።

እሷ የፈለገችው ጆሮ ውስጥ የሚደበቀውን ነበር፤ ሰው እንዳያይባት። ባለሙያዋ የምስር ፍሬ የምታክል ባትሪ መዳፏ ላይ አስቀምጣ "እስኪ ይቀይሯት" አለቻት። የእማዬ ጣቶች ቁርጥማት አለባቸው፤ አልቻለችም። ከጆሮ ጀርባ የሚውለውን፣ ቻርጅ የሚደረገውን መረጥን። ለሁለቱም ጆሮ! ዋጋው ያማል፤ ግን ድምፅ ከየት እንደመጣ ለመለየት ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ያልታከመ የመስማት ችግር ለመርሳት በሽታ እንደሚያጋልጥ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርትም ተጠቅሷል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ቡና ላይ ዝም ማለቷ ነው። እባካችሁ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትተዉት፣ አስመርምሩ። አንዳንዴ እኮ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል።