የሰባት ዓመቷ ልጅ መንጋጋና የዱቤ ደብዳቤው

ጎንደር ውስጥ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ካርድ አወጣለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ከድርጅቶች የሚመጡትን የዱቤ ደብዳቤዎችም፣ ማለትም «ሠራተኛችን ወይም ቤተሰቡ ይታከሙ፣ ሂሳቡን ኢንሹራንሱ በኋላ ይከፍላል» የሚሉትን፣ የማየው እኔ ነኝ። የጥርስ ክሊኒክ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው መርፌና ጥርስ መንቀያ ነው። የእኔ ቀን ግን ባብዛኛው የሚያልቀው «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ከመጣ ሰው ጋር ኢንሹራንሱ የቱን እንደሚከፍልና የቱን እንደማይከፍል ስንነጋገር ነው። ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ እያለቀሰ ስለ ወረቀት ማውራት ይከብዳል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የገጠመንን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዶክተራችን ልጆች ብቻ የምታይበት ሰዓት ነው። አንድ አባት ልጁንና እናቱን ይዞ ከአዘዞ በባጃጅ መጣ። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አድራለች። ጉንጯን በአያቷ ነጠላ ጫፍ ሸፍና ሴትየዋ ላይ ተለጥፋለች። አባት ከመሥሪያ ቤቱ ያጻፈውን ደብዳቤ ዘረጋልኝ። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የልጅቷ ሙሉ ስም አለ። ከታች ደግሞ «ለአንድ ጥርስ ማስነቀያ» ይላል።

«እህቴ፣ የወተት ጥርስ ናት። ንቀሉልንና እንሂድ፣ እንቅልፍ አጥታለች» አለኝ።

አያትየውም «አዎ ልጄ፣ ጣራ ላይ እንወረውርላታለን፣ ሌላ ይበቅልላታል» አሉ።

ይህን አባባል በሳምንት ስንቴ እንደምሰማው! አይፈረድባቸውም። ሰባት ዓመት ጥርስ የሚረግፍበት ዕድሜ ነው፤ የልጅቷም የፊት ጥርሶች ገና ተቀይረው ግማሽ የበቀሉ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው የኋላውም እንዲሁ ይቀየራል ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል?

ዶክተራችን ልጅ ስታይ አትቸኩልም። መጀመሪያ ትንሿን መስታወት ልጅቷ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። ከዚያ ውሃ የሚረጨውን መሣሪያ አፏ ውስጥ ሳይሆን ጥፍሯ ላይ ረጨችላት፤ ልጅቷ ሳቅ አለች። ከዚያ «ነይ አብረን እንቁጠር» ብላ ከታችኛው መንጋጭላ መሃል ጀምራ በመስታወቱ ጫፍ እየነካች መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛዋ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ዶክተሯ መስታወቱን አውጥታ ወደ አባትየው ዞረች።

«ይቺ የወተት ጥርስ አይደለችም። ከተነቀለች በእሷ ቦታ የሚበቅል የለም።»

አባትየው ዝም አለ። አያትየው «ምን ማለትሽ ነው ልጄ?» አሉ።

ወላጅ የሆናችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። የወተት ጥርስ በጠቅላላው 20 ነው፤ በእያንዳንዱ ሩብ መንጋጭላ 5። ስድስት ወር ገደማ መውጣት ይጀምርና ሦስት ዓመት ገደማ ላይ ተሟልቶ ያልቃል። ስድስት ዓመት ገደማ የፊቶቹ መርገፍ ሲጀምሩ፣ በዚያው ሰሞን ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይነቀል፣ ትልልቅ አዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ላይ ሁለት፣ ታች ሁለት። የረገፈ ጥርስ ስለሌለ ማንም አያስተውላቸውም። እነዚህ የዕድሜ ልክ ጥርሶች ናቸው። ገጽታቸው ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምግብ ይይዛሉ፤ የልጅ እጅ ብሩሹን እዚያ ድረስ አያደርስም፤ ቶሎ ይበሰብሳሉ። ከመሃል ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ስድስተኛው ላይ ያለውን ጥርስ ካገኛችሁ እሱ ነው።

የወተት መንጋጋ ቢሆንም እንኳ «ይረግፋል» ተብሎ ዝም ብሎ አይነቀልም። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ያለጊዜያቸው ሲነቀሉ ጎረቤቶቻቸው ወደ ባዶው ቦታ ይጋደማሉ፣ ከስር የሚመጣውም ቦታ አጥቶ ተጣምሞ ይወጣል። ያን ለማቃናት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነው።

ራጅ ተነሳች። መበስበሱ ነርቭ ጋ ደርሷል። ዶክተሯ የመረጠችው ላይኛውን የነርቭ ክፍል ብቻ አውጥታ፣ ስሩ ውስጥ ያለውን በሕይወት ማቆየት ነው። በዚህ ዕድሜ የዚህ መንጋጋ ስር ገና አድጎ አልጨረሰም፤ ነርቩ በሕይወት ካለ ስሩ ማደጉን ይቀጥላል። ከዚያ ሙሌት፣ በኋላ ደግሞ ጥርሱ እንዳይሰበር ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ነገር። ሁሉም ጥሩ። ደብዳቤው ግን ማስነቀያ ነው የሚለው፤ ማስነቀል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

የመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ሰውዬ ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ ቢሆንም አነሳ፣ እግዜር ይስጠው። «ሠራተኛው ጥርስ ላስነቅል ነው አለኝ፣ እንደዚያው ጻፍኩ» አለኝ። ደብዳቤ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ ሠራተኛው የገመተው ነገር ወረቀት ላይ ይወርድና የተፈቀደው እሱ ብቻ ይሆናል። ሌላ ህክምና ከሠራን ኢንሹራንሱ «ያልፈቀድኩትን ነው የሠራችሁት» ብሎ ሂሳቡን ይመልሰዋል፤ ዕዳው መጨረሻ ላይ አባትየው ላይ ይወድቃል። ዶክተሯ ለምን መንቀል እንደሌለበት በአጭሩ ጻፈች፤ እሱንና የራጁን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁለት። እሱ ወደ ኢንሹራንሱ አስተላለፈ። ልጅቷ እስከዚያ የህመም ማስታገሻ ተሰጥቷት አያቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

መልሱ መጣ። የነርቩ ህክምናና ሙሌቱ ተፈቅዷል፣ ክራውኑ አልተፈቀደም። ምክንያቱ ደግሞ ልጅቷን የሚመለከት አልነበረም፤ የልጅቷ እናት በዚያው ዓመት ጥርሷን ታክማ ስለነበር ለቤተሰቡ ለጥርስ የተመደበው ገንዘብ ሊያልቅ ደርሷል።

አባትየው «የህክምናው ጣሪያ እኮ ትልቅ ነው፣ ገና ምን ነክተነው!» አለ። እውነቱን ነው። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ጋ ነው ያለው። በብዙ የድርጅት የህክምና ውሎች ውስጥ ጥርስና መነጽር ለብቻቸው ትንሽ ጣሪያ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ በዓመት ከዚያ በላይ የማይከፍልበት ገደብ፣ ይቀመጥላቸዋል። ስሌቱ እንዲገባችሁ ብቻ ከራሴ ቁጥር ልስጣችሁ። የቤተሰቡ ጠቅላላ ጣሪያ በዓመት 40,000 ብር ነው እንበል፣ ከሱ ውስጥ ለጥርስ 6,000፣ በየሂሳቡ ደግሞ 20 በመቶውን ራሳችሁ የምትችሉ። የ4,000 ብር ህክምና ስታገኙ ኢንሹራንሱ 3,200 ይከፍላል፣ እናንተ 800። ለጥርስ የሚቀራችሁ 2,800 ነው። የአባትም፣ የእናትም፣ የልጆችም። ጠቅላላው 40,000 ምንም ያህል ቢተርፍ ወደ ጥርስ አይዞርም፣ ዓመቱ ሲያልቅም የተረፈው ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም።

ሌላው ነገር ለመልክ ነው የሚባለው ህክምና ነው። ማንጣትና ለውበት ማስተካከል በአብዛኛው ከሽፋን ውጪ ናቸው። ለዚህ ነው ሐኪሙ የሚጽፈው ምክንያት ትልቅ ቦታ ያለው፤ «ክራውን» ብቻ ተብሎ ከሚጻፍ «ነርቩ የታከመ ጥርስ እንዳይሰበር» ተብሎ ሲጻፍ የሚያነበው ሰው ይገባዋል። ከኪሳችሁ ከፍላችሁ በኋላ የምታስመልሱ ከሆነ ደግሞ የማሽን ደረሰኙን፣ የሐኪሙን ማስረጃና የመድኃኒት ማዘዣውን ያዙ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የታካሚው ስም ድርጅቱ ጋ ካለው ዝርዝር ጋር አንድ መሆን አለበት። ውሉ ላይ የማስገቢያ ጊዜ ገደብም አለ፣ ጠይቁ።

የቀበሌ የጤና መድን ደብተር ይዘው የሚመጡ እናቶችም አሉን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በዋናነት የሚሠራው በመንግሥት ጤና ተቋማት ነው፤ መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም። እናት ከገጠር ብዙ መንገድ መጥታ እኛ በር ላይ ይህን ስትሰማ ያማል። ደብተሩ ለልጇ ህመም የሚጠቅማት ሌላ ቦታ መሆኑን ቀድሞ የነገራት ቢኖር አትንከራተትም ነበር።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የዚያን ዕለት የነርቩ ህክምና ተሠራላት። መርፌውን በተመለከተ ዶክተሯ «አይነካሽም» አላለቻትም፤ «ትንሽ ይቆነጥጥሻል፣ እኔ እስከ አምስት ስቆጥር ያልቃል» ነው ያለቻት። አምስት ላይ አለቀ። እባካችሁ ልጅን «ዝም ካላልሽ ሐኪሙ ይወጋሻል» እያላችሁ አታምጡ፤ ወንበሩ ላይ የምንደክመው ያንን ፍርሃት ስናወጣ ነው። ክራውኑን አባትየው ውሉ ሲታደስ በአዲሱ ዓመት ድርሻ አሠራላት። ዶክተሯ ሙሌቱ እስከዚያ መቆየት እንደሚችል ካረጋገጠች በኋላ ነው እንጂ ህመም ያለበት ጥርስ ለወረቀት ሲባል አይጠበቅም።

እኛ ክሊኒክ ውስጥ ከዚያ ወዲህ የለወጥነው ነገር አለ። ልጅ የያዘ ወላጅ ደብዳቤ ሲሰጠኝ ካርድ ከማውጣቴ በፊት ድርጅቱ ጋ ደውዬ ለጥርስ ስንት እንደቀራቸው እጠይቃለሁ። ለድርጅቶቹም ደብዳቤው ላይ «ለጥርስ ምርመራና ህክምና» ብለው እንዲጽፉ፣ የሚሠራውን ሐኪሙ እንዲወስን ነግረናቸዋል። አንዳንዶቹ ተቀብለዋል፣ አንዳንዶቹ አሁንም «ማስነቀያ» እያሉ ይልካሉ።

ያ የሰው ሀብት ሰውዬ በቅርቡ ደውሎልኝ ነበር። «ውል ልናድስ ነው፣ ስለ ጥርስ ምን ብንጠይቃቸው ይሻላል?» አለኝ። ደስ አለኝ። የልጆች ድርሻ ከወላጆች ድርሻ እንዲለይ ጠይቋቸው አልኩት። ልጆች ሳያማቸው በዓመት አንዴ የሚታዩበት ምርመራ፣ የስድስት ዓመት መንጋጋ ሲወጣ ስንጥቁን ቀድሞ መድፈንም ሽፋን ውስጥ እንዲገባ ጠይቋቸው፤ ከነርቭ ህክምናና ከክራውን ጋር ሲነጻጸር ለእነሱም የሚረክሰው ይሄ ነው አልኩት። በጽሑፍ ላኪልኝ አለኝ። ከዶክተሯ ጋር ተቀምጠን አዘጋጅተን ላክንለት። ኢንሹራንሱ እስካሁን መልስ አልሰጠም፤ ሰውዬው ግን ዝም ካሉ እንደገና እጠይቃለሁ ብሎኛል።